የእነሱ ሐምሌ

የእህቴ ልጅ ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ይነዳል። የእናቱ ስጋት በረዶው ነው። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር «ልጄን ብርድ ጨረሰብኝ» ትላለች። ሐምሌ ሲደርስ ደግሞ «አሁንስ ፀሐይ ወጣለት» ብላ እፎይ!

አንድ ዓመት ሐምሌን እሱ ዘንድ ከርሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ዶፍ ሲወርድ ልጁ ፊቱ ፈካ።

«ገበያ ሊደራልህ ነው?» አልኩት።

«እሱም አለ። ግን ጋሼ፣ እዚህ አገር ከፖሊስ ይልቅ ዝናብ ይጠብቅሃል።»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ዝናብ የሐዘን ምልክት ነው እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሳስቻለሁ!

ለካ ጥይትም ወቅት አለው። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ተኩስ ሙቀቱን ተከትሎ ይጨምራል፤ በረዶው ሲመጣ ጋብ ይላል። ከሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ፣ ከቀኑም ሌሊቱ ይብሳል። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የነጻነት በዓላቸው በዋለበት የጁላይ መጀመሪያ የዕረፍት ቀናት ብቻ፣ ከ100 በላይ ሰዎች በጥይት ተመትተው 19ኙ ሞተዋል።

ሙቀቱ ሰውን ስለሚያሳብድ ብቻ አይመስለኝም። ብርዱ ቤት የዘጋበት ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መጠጡ አለ፤ ሽጉጡም ወገብ ላይ አለ። አምና የተቀያየሙ ጎረምሶች አንድ ማዕዘን ላይ ይገጣጠማሉ። በቡጢ ሊያልቅ የሚችለው ጠብ በቀብር ያልቃል። ከተማው በሙሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሞቱ የሚደጋገመው በጥቂት ሰፈሮች፣ እንዲያውም በጥቂት መንገዶች ላይ ነው። የታክሲ ሹፌር ግን «እዚያ ሰፈር አልሄድም» እያለ አይኖርም።

«ታዲያ የቅዳሜን ሌሊት ለምን አትተወውም?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ የቤት ኪራዬን የምከፍለው እኮ በቅዳሜ ሌሊት ነው!»

እውነቱን ነው። መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ተሳፋሪው ይወጣል፤ ጠበኛውም አብሮ ይወጣል። እንጀራውና አደጋው አንድ ሰዓት ላይ ተቀጣጥረዋል።

በሐምሌ እዚያ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ እዚህ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እህቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና የምታፈላበት ሰዓት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። «መቼም ዛሬ አይበርደውም» ትለኛለች።

«አይበርደውም» እላታለሁ። ስልኬን ግን ከእጄ አላወርድም።