ኦሳካ ላለው የክርስትና ልጄ



መልእክትህ ደርሶኛል። «አባቴን እንዲህ ያለ ነገር ብጠይቀው እሱም ያፍራል እኔም አፍራለሁ» ብለህ ወደ እኔ መዞርህ ደስ አሰኝቶኛል። የክርስትና አባት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? አባትህ ቢሆን «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» ብሎ ነገሩን ይዘጋው ነበር። እኔ አልዘጋውም። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከቤተ ሙከራ ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ቤተ ሙከራ ሲመላለስ ከማይ፣ ትንሽ ልቡ ቢንከራተት ይሻለኛል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ጽፈህልኛል። ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ እንኳ አጠገብህ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። ቅዳሜ ማታ ዶቶንቦሪ ድልድዩ ላይ ስትወጣ ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው መጥተው ፎቶ አብረውህ ይነሳሉ፣ ፀጉርህን ካልነካን ይሉሃል። «እውነቱ የትኛው ነው?» ብለሃል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው። በባቡሩም ሆነ በድልድዩ ላይ ያዩት የውጭ አገር ሰው እንጂ አንተን አይደለም።

ስለ ወንበሩ ብዙ አትብሰልሰል። እንግሊዝኛ ያናግረኛል ብሎ የሚሸሽ አለ፣ ልማድ ሆኖበት የሚሸሽ አለ፣ የጠላህም ይኖራል፤ ልዋሽህ አልፈልግም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ስትመረምር ከዋልክ ግን ዕድሜህ ባቡር ላይ ያልቃል። ተቀመጥ፣ መጽሐፍህን አንብብ። ብቻ በሚዶሱጂ መስመር ላይ ሮዝ ምልክት ያለበትን ሠረገላ ልብ በል፤ በሥራ ቀናት ቀኑን ሙሉ ለሴቶች የተለየ ነው። በስህተት ገብቶ መደንበር የብዙ አዲስ መጪ ዕጣ ነው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ድልድዩ ነው። ኤቢሱባሺን፣ ያንን የግሊኮ ሯጭ በመብራት የሚታይበትን ድልድይ፣ የኦሳካ ሰው ራሱ በቅጽል «ሂካኬባሺ» ይለዋል፤ ወንዶች መንገደኛ ሴት እያስቆሙ የሚለክፉበት ስለሆነ ነው። እዚያ የከረሙ የውጭ አገር ወንዶች አውቃለሁ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሊደፍን ምንም አልቀረውም፣ ጃፓንኛቸው ግን ቢራ ከማዘዝ አላለፈም። በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይተዋወቃሉ፤ ቢታመሙ ሾርባ ይዞ የሚያንኳኳ አንድ ሰው የላቸውም። «የጃፓን ሴት እንዲህ ናት፣ እንዲያ ናት» እያሉ ሲያስተምሩህ ታገኛቸዋለህ። ሰምተህ እለፍ። የጃፓን ሴት የምትባል አንዲት ሴት የለችም፤ የኦሳካ ነርስ አለች፣ የናራ መምህርት አለች፣ ሥራዋን የምትወድና ማግባት የማትፈልግ አለች፣ ሐሙስ ማታ ከእናቷ ጋር እራት የማይቀርባት አለች።

እዚያው ሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ እያግባቡ ወደ መጠጥ ቤት የሚጎትቱ ጠሪዎች አሉ። ተከትለህ እንዳትሄድ። በር ላይ የነገሩህ ዋጋና ስትወጣ የሚቀርብልህ ሒሳብ አይተዋወቁም። በአፕ የተዋወቅካት ሴት በመጀመሪያው ቀን «እኔ የማውቀው ቤት እንሂድ» ብላ ስሙ ወዳልተጻፈ ፎቅ ካወጣችህም ያው ነው፤ በትሕትና ተመልሰህ ውረድ። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ይሄዳል፣ የሚቀጥለው የሚነሳው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰው ኪሱንም ስሙንም የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ መካከል ባሉት ሰዓታት ነው።

«ታዲያ የት ልሂድ?» ትለኝ ይሆናል። አንድ ቦታ ምረጥና በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሂድ። የኦሳካ ግንብ መናፈሻ ውስጥ የሚሮጡ ቡድኖች አሉ። ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ ከተራራ መውጣት እስከ ማብሰል ድረስ የተማሪ ክበብ ሞልቷል። ሰፈርህ ውስጥ አሥር ወንበር ብቻ ያላት ኢዛካያ፣ ትንሽ መጠጥ ቤት፣ አትጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አያናግርህም። በሁለተኛውም እንዲሁ። ወር ሲሞላህ ባለቤቱ ስምህን ይጠይቅሃል፣ ከዚያ አጠገብህ ያለው ሰው ይጠይቅሃል፣ ሳታስበው «ጎኮን እያዘጋጀን ነው፣ አንድ ወንድ ጎድሎናል» ይሉሃል። ጎኮን ወንዱም ሴቱም እኩል ቁጥር ሆኖ አብሮ የሚበላበት የመተዋወቂያ እራት ነው። ሰው ያመጣህ ስትሆን ዋስ አለህ ማለት ነው። ይህ አገር ዋስ ያለውን ሰው ይወዳል።

ደግሞ ኦሳካ መድረስህ ዕድልህ ነው። እኔ ቶኪዮ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ ጎረቤቴ ከሰላምታ አላለፈም። አንተ ጋ ግን የነብር ቆዳ የሚመስል ሸሚዝ የለበሱ ባልቴቶች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ይሰጡሃል፣ ወዲያው ሚስት አለህ ወይ ይሉሃል። ከተማው የቀልደኞች አገር ነው፤ ወንድ ከመልኩ ይልቅ በጨዋታው የሚመዘንበት ነው። አያትህ ቡና ላይ ሲያወሩ ቤቱን በሳቅ የሚያፈርሱትን አስታውስ፤ ያ ነገር በደምህ አለ። ጃፓንኛህን ተማር፣ መማሪያው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን የኦሳካን አነጋገርም። በራስህ ላይ ስትቀልድ የሚስቁልህ ቀን እንግድነትህ ግማሹ ይለቅሃል።

አሁን በመልእክትህ ወዳነሳሃት ልጅ ልምጣ። አብራችሁ ካይዩካን ሄዳችሁ ዓሣ አይታችኋል፣ ቡና ጠጥታችኋል፣ በላይን መልእክት መላኪያ ስትጻጻፉ ከርማችኋል፤ አሁን መልእክትህን ማንበቧ ይታይሃል፣ መልስ ግን የለም። በመጀመሪያ እዚህ አገር ሰው «አልፈልግህም» ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም። «ሥራ በዝቶብኛል» ካለችህ በኋላ ሌላ ቀን ካልጠቆመች መልሱ እሱ ነው፤ ሁለተኛ አትወትውታት። ግን የጻፍክልኝን ደጋግሜ ሳነብ ሌላም ነገር ጠረጠርኩ። ምን እንደሆናችሁ ነግረሃታል? እኛ አገር አብሮ መዋልና በዓይን መነጋገር ይበቃል፤ እያደር ሰዉም ራሱ ስም ያወጣላችኋል። እዚህ ወንዱ ወይም ሴቷ አንድ ቀን በቃል «ወድጄሻለሁ፣ የፍቅር ጓደኛዬ ሁኚ» ብለው እስኪናገሩ ድረስ ነገሩ አልተጀመረም። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር መታየት ክህደት ነው፤ ከመነገሩ በፊት ግን አንተ አንድ የምታውቀው ሰው ነህ። አንተ ጨዋ ለመሆን ዝም ብለህ ይሆናል፣ እሷ ዝምታህን እንዳልፈለግካት ቆጥራዋለች። ቃሉን መናገር ሽማግሌ ልኮ «ልጃችሁን ለልጃችን» እንደማስባል ነው፤ ልዩነቱ ሽማግሌው አንተው ራስህ መሆንህ ነው። አንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን፣ ሳትጠጣ ንገራት። እምቢ ካለች አመስግነህ ተለይ።

ለዚህ የሚሆን ቦታ ከፈለግክ ከዮዶያባሺ በኬይሃን ባቡር ኪዮቶ ውረድ፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። በካሞ ወንዝ ዳር ጥንዶች እኩል እኩል ርቀት ጠብቀው በመስመር ይቀመጣሉ፤ ማንም በሜትር አልለካውም፣ ግን አይዛነፍም። ሳየው ሁሌ ያስቀኛል። ለመጀመሪያ ቀጠሮ ግን ናካዛኪቾ ይሻላል፣ ኡሜዳ አጠገብ ከጦርነቱ ቦምብ የተረፉ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ቡና ቤት የሆኑበት ሰፈር ነው። ከቀጠሮው አትዘግይ፤ እዚህ አምስት ደቂቃ ማርፈድ ንቀት ነው። ሒሳቡን ለመክፈል ተዘጋጅ፣ ግማሹን ልክፈል ካለች ደግሞ አትታገላት፤ «በሞቴ» እያልክ እጇን መያዝ እዚህ አይሠራም። መንገድ ላይ አትሳም። በየካቲት፣ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 14፣ ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ አንተ ማርች 14 ላይ ትመልሳለህ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ለወጉ ያህል ብትሰጥህ ፍቅር እንዳይመስልህ። ዲሴምበር 24 ደግሞ የፍቅረኞች ማታ ነው፤ እኛ ገና የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ እነሱ የተጠበሰ ዶሮና የእንጆሪ ኬክ ይዘው ይሰለፋሉ። ጾመኛ መሆንህን አስቀድመህ ንገራት። እንደዚህ ያለ ነገር ሲነገራቸው በጣም ያከብራሉ፣ ድንገት ሲሆን ግን ያስደነግጣቸዋል።

አፕ ክፉ ነው አልልህም፤ ብዙ ጃፓናዊ የሚጋባው በዚያ ተዋውቆ ነው። የቶኪዮ አስተዳደር እንኳ በ2024 የራሱን ማገናኛ አፕ አውጥቶ ያላገባ መሆንህን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። መንግሥት ሽማግሌ ሲሆን ማየቴ ነው! ፎቶህ የአሁን ይሁን፣ ትምህርትህ መቼ እንደሚያልቅ ጻፍ፣ ወደ አገር ቤት ልመለስ ካልክ አትደብቅ። ሠላሳ የሞላት ሴት ጊዜዋን ስትሰጥህ ብዙ ነው የሰጠችህ።

አንድ ነገር ኮስተር ብዬ ልንገርህ። በ2023 የወንጀል ሕጉ ተቀይሯል። ሰክራ አእምሮዋን ካልገዛች ሴት ጋር መተኛት፣ እምቢ ለማለት ፋታ ባልተሰጣት ሴት ላይ መድረስ ወንጀል ነው፤ «ዝም ስላለች ፈቅዳለች» የሚባል ነገር የለም። ሕጉ ባይኖርም ለእኔ ያው ነበር፤ እናትህ ያሳደገችህ ለዚያ አይደለም። ከአንድ ብርጭቆ በላይ የጠጣችን ሴት ታክሲ አስገብተህ፣ ቤቷ መድረሷን በላይን ጠይቀህ ተኛ። የመኖሪያ ካርድህ ሁልጊዜ ኪስህ ይኑር፤ ፖሊስ ከሌላው ይልቅ አንተን ያስቆምሃል፣ ይህን ታያለህ፤ በርጋታ አሳይተህ እለፍ። በምሽት ክበብ በር ላይ እንድትቆም ወይም ሴት ደንበኛ እንድታጫውት ገንዘብ የሚሰጥህ ቢመጣ አትንካ። ለተማሪ የተፈቀደው በሳምንት 28 ሰዓት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ግን አንድ ሰዓትም ቢሆን የተከለከለ ነው።

ከልጅቷ ጋር ነገሩ እየጠነከረ ሄዶ ቤተሰቧ ጋ ብትደርስ ደግሞ ተዘጋጅ። ባለቤቴን ያገኘኋት ጊዜ አባቷ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስለ አበበ ቢቂላ ሲያወራኝ አመሸ። በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አሸንፎ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ በቴሌቪዥን ማየቱን፣ ከዚያ በፊት በ1961 ኦሳካ መጥቶ መሮጡን ጭምር ነገረኝ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ስንወጣ ልጁን ለብቻዋ ጠርቶ «አይሆንም» አላት። አበበን ማድነቅ ሌላ፣ ልጅን ለጥቁር ሰው መዳር ሌላ። ልቡን በኋላ ያለሰለሰው አበበም አይደለም፤ በየነሐሴው ለኦቦን፣ ለሙታን መታሰቢያው፣ ሳልቀር ሄጄ ከእሱ ጋር የወላጆቹን መቃብር ማጠቤ ነው። ምንም አላለኝም። አንድ ዓመት ግን ባልዲውን ራሱ አቀበለኝ።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። የቴኒሷ ናኦሚ ኦሳካ በ1997 የተወለደችው አንተ ባለህበት ከተማ ነው፤ አባቷ ሃይቲያዊ፣ እናቷ ጃፓናዊት ናቸው፤ በዚህ ግንኙነት ምክንያት አያቷና እናቷ ከአሥር ዓመት በላይ ተኮራርፈው እንደቆዩ በአደባባይ የተነገረ ነው። የእኛም ታሪክ አለ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ጃፓንን ሲጎበኙ አብረዋቸው የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የቪስካውንት ልጅ ሊያገቡ ታስቦ፣ ጋዜጣው ሁሉ ሲያወራው ከርሞ፣ በ1934 ቀረ። የጣሊያን እጅ ነበረበት ይባላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ለሁለት መንግሥት ምልክት ሆነው ቀሩ፣ ማንም ስለ እነሱ እንደ ሰው አላወራም። አንተን «ጥቁር ፍቅረኛ አለኝ» ለማለት የምትፈልግህ ብትገጥምህ፣ ወይም አንተ «ጃፓናዊት ይዣለሁ» ብለህ ለአዲስ አበባ ጓደኞችህ ፎቶ ለመላክ ስትቸኩል ራስህን ብታገኘው፣ ይህን አስብ።

ልጅ የመውለድ ነገር ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ስለ ዜግነት እንነጋገራለን። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፣ ጃፓንም ልጁ ሃያ ሳይሞላው ምረጥ ትላለች። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ወረቀት በፋይል አስቀምጣዋለች፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ጠይቅ።

ገና ዘንድሮም በሥራ ቀን ስለሚውል ዮትሱጊ ሰፈር ያለነው ኢትዮጵያውያን የምንሰበሰበው ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው። የሺንካንሰኑን ቲኬት እኔ እቆርጥልሃለሁ። ይዘሃት የምትመጣ ከሆነ ግን ሳምንት ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ባለቤቴ ከዶሮው ወጥ ሌላ አልጫ ትሠራለች፤ ብቻህን ከሆንክ አትሠራም፣ በርበሬውን ችለህ ትበላለህ።

እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን።

የክርስትና አባትህ
ካትሱሺካ፣ ቶኪዮ