በስንት ያንሳል?

የካልኩለስ መምህር አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቆሞ ሰሌዳው ላይ 0.999… ብሎ ይጻፍና «ይህ ከ1 ያንሳል ወይስ እኩል ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኛው ክፍል «ያንሳል» ማለቱ አይቀርም። ሙያው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እኩል መሆኑን ከነገራቸው ነገሩ አለቀ፤ ጽፈው ለፈተና ይሸመድዱታል። «በስንት ያንሳል?» ካላቸው ግን አንዱ «በ0.001» ይላል፤ ጎኑ ያለው «አንድ 9 ስትጨምርበት እኮ ከዚያም ያንሳል» ብሎ ይይዘዋል። የፈለጉትን ያህል ትንሽ ቁጥር ቢጠሩ ልዩነቱ ከእሱ በታች እንደሚሆን ራሳቸው ይደርሱበታል። የሊሚት ትርጉም ማለት ይኸው ነው፤ ኤፕሲሎን የምትባለዋ ፊደል ከዚያ በኋላ ብትመጣ አታስፈራም።

እጅግ የሚቆጨኝ ይህን ለማድረግ መንገዱ ተከፍቶልን የነበረ መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤችዲፒ፣ ማለትም የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ሲጀመር ዓላማው መምህሩን ከንግግር ወደ ውይይት ማምጣት ነበር። ስንቱ መምህር ፖርትፎሊዮውን አሟልቶ፣ ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ወደ ጠመኔውና ወደ ሃንድአውቱ ተመለሰ! ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት መጣ። ስድስት ወጣቶች በአንድ ጥያቄ ላይ የሚሟገቱበት ቡድን በእጃችን ነበር። እኛ የስም ዝርዝር አደረግነው፤ አንዱ አሳይመንቱን ይሠራል፣ የአምስቱ ስም ከሥሩ ይጻፋል።

ያ ትውልድ ደግሞ ከማንም በላይ ውይይት ያስፈልገው ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በፕላዝማ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይመልሳል፣ ያልገባው ልጅ የሚያስቆምበት መንገድ የለውም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳየችው ቀላል ነገር ነበር፦ መምህር ከጠየቀ በኋላ የሚታገሠው 1 ሰከንድ ያህል ነው፤ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርገው የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚለውም መናገር ይጀምራል። ሁለት ሰከንድ! ለዚህ በጀት አያስፈልግም ነበር።

አሶሳ ላይ ቁጭቱ ይብሳል። ምደባው ከመላ አገሪቱ ያመጣቸው ልጆች ሩታና፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ከሚናገሩ ጋር አንድ ወንበር ይጋራሉ። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ በሚግባቡበት ቋንቋ ሁሉ እየቀላቀሉ ይከራከራሉ፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳዋል። ክፍል ሲገቡ እንግሊዝኛ ብቻ ነውና ዝም። በፈለጋችሁት ቋንቋ ተሟገቱ፣ የደረሳችሁበትን ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፉ ለማለት ማን ከለከለን?

በ2012 የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ሌላ በር ተከፈተ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሒሳብ ሞጁል በሎጂክ ይጀምራል። ማሰብንና መሞገትን የሚያስተምረው ምዕራፍ እንኳ «እውነት፣ እውነት፣ ሐሰት» እየተባለ ሰንጠረዥ የሚገለበጥበት ከሆነ ምን ይባላል? የመከራከሪያን ሕግ ሳይከራከሩ ተማሩት።

በዚያ መንገድ ያለፉ ልጆች ዛሬ በባምባሲ፣ በመንጌ፣ በኩርሙክ ክፍሎች ፊት ለፊት ሊቆሙ ይችላሉ። እነሱም ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰከንድ ሳይሞላም ራሳቸው ይመልሳሉ። ሌላ ሲደረግ አላዩማ፤ ማየት የነበረባቸውም እኛ ዘንድ ነበር።