ኮሪያ ዘማቹ አባባ

ኮሪያ ዘማች ሲባል ሰው ሁሉ ጀብዱ ይጠብቃል። የሰፈራችን አባባ ግን ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ነበር። «ልጄ፣ ጠላትስ ይተኮስበታል፤ ብርዱን በምን ትመታዋለህ?» ይሉና ይስቃሉ። የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወርዶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። 121 ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። እዚህች ላይ ሲደርሱ ብቻ ድምፃቸው ይወፍራል።

ከዚያ ወሬው ወደ ቤታቸው ይዞራል። ቡናውን ራሳቸው ይቆሉ ነበር! በዚያ ዘመን ወንድ ማጀት ሲገባ ጎረቤት ምን እንደሚል መቼም ታውቃላችሁ። እሳቸው ምን ቸገራቸው፤ «ከሻምበሌ ትእዛዝ ስቀበል ኖሬ ከሚስቴ ብቀበል ምን አለበት?» ይላሉ። በደርግ ጊዜ ኮሚኒስት የተዋጋ ሰው ሜዳሊያ አንጠልጥሎ መታየት አይመቸውምና የግድግዳውን ሜዳሊያ ከምስማሩ አውርደው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። በምስማሩ ላይ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ተሰቀለ። ዘመኑ ከተለወጠ በኋላም አላወረዱትም።

አባባ ሲያርፉ ለቅሶው ላይ እድርተኛው ጀግንነታቸውን ሲያነሳ ልጆቻቸው የሚከራከሩት በሌላ ነበር፤ «አብልጦ የሚወደው እኔን ነው» እያሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ትንሿ ልጃቸው ትረታለች። የጫማዋን ክር እስከ አምስተኛ ክፍል ያሰሩላት እሳቸው ናቸው።