ዐስርን የሚያሳይ ጥላ



ከጊንጪ አቅራቢያ ያለውን የጭልሞ ደን በብሌንደር እየሠራሁ ነው። ጥዱና ዝግባው ብዙ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ብርሃኑ ነው። ዛፎቹ ዛፍ ይመስላሉ፣ ቦታው ግን የእኛ አገር አይመስልም።

ሥራው ለአያቴ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደኑ ዳር ከብት ያገዱ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ከቤት አይርቁም። የመጀመሪያውን ምስል በላፕቶፕ ሳሳያቸው ስለ ዛፎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። መሬቱን አይተው «ዐስር ገብቷል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥላውን በሰላት ሰዓት እለካዋለሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩን ጥላ ሳይጨምር፣ ቁመቱን ሲያህል ነው። ጭልሞ ያለው 9 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ነው። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትቆም የቀትር ጥላ የለም፤ ዐስር የሚገባው ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን የቀትሩ ጥላ ብቻውን ከቁመት ግማሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለዐስር ፀሐይዋን ወደ 31 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ለንደን ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ይህን አይነግራችሁም፤ በእርሱ ሰማይ ላይ አይታይምና።

ርዝመቱ ከተስተካከለ በኋላ የጥላው ጠርዝ ይቀራል። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ከምድር ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በዚህ ምክንያት የጥላው ጠርዝ በየ1 ሜትሩ ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ከግንዱ ሥር የሰላ ነው፣ ከረጅም ዝግባ ጫፍ የሚወርደው ግን የለሰለሰ። በቅጠሎች መካከል አልፈው መሬት ላይ የሚያርፉት ክብ ክብ ብርሃኖችም እያንዳንዳቸው የፀሐይ ምስል ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ግርዶሹ በታየበት ጠዋት ከዛፍ ሥር ማጭድ ማጭድ የመሰሉት ለዚህ ነው።

ይህን ጉዳይ ከሺህ ዓመት በፊት የመረመሩት የበስራው ኢብኑል ሀይሠም ናቸው። ስለ ጥላም ስለ ግርዶሽ ቅርጽም ለብቻቸው ጽፈዋል። በኪታቡል መናዚር ደግሞ ብርሃን ከነገሮች ወደ ዐይን እንደሚመጣ እንጂ ከዐይን እንደማይወጣ አስረድተዋል። የሚገርመው፣ ሳይክልስ የተባለው የብሌንደር ክፍል ጨረሩን የሚከተለው ከካሜራው ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። ከፀሐይ ቢጀምር አብዛኛው ጨረር ካሜራው ጋር ሳይደርስ ስሌቱ በከንቱ ይቀር ነበር። ቢያዩት ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል።

የጥላው ቀለም ብዙ ሌሊት ወስዶብኛል (መብራት የጠፋባቸውን ሳልቆጥር)። ጥላ ጥቁር አይደለም። ሜዳ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ደን ውስጥ ብርሃኑ ቅጠሉን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 2.90 ስሪት ላይ ኒሺታ የሚባል ሰማይ አክሏል፤ ከፍታ ማስገቢያ አለው። 2,500 ሜትር ስሰጠው ሰማዩ ጠቆር፣ ጥላው ጠንከር አለ። የበጋው ጭልሞ እንዲህ ነው።

ይህንኛውን ሳሳያቸው አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዐስር ሊገባ ነው፣ ውሃ አምጡልኝ» ብለው ቀለዱ። ለ45 ዲግሪ ሦስት ዲግሪ ይቀረው ነበር።

አሁን የያዝኩት የሐምሌውን ጉም ነው። ጥላ በሌለበት ቀን ዐስርን በምን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው። «በላሞቹ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞራሉ። ላሞቹን ገና አልሠራኋቸውም።