ወደ እንጦጦ ራጉኤል ስለ መውጣታችን

ባለፈው ጥቅምት፥ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፥ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግራችን ወደ እንጦጦ ወጣን። የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን አቀበቱ ብርቱ ነው። ማገዶ ተሸክመው ቍልቍል የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ግን ስለ ራሱ ድካም መናገር ያፍራል።

የወጣነውም ቅዱስ ራጉኤልን ለመሳለምና ልባችንን ሲከነክነው የቆየውን ነገር ለማሰብ ነበረ። ብዙ ዘመን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ የምናነበው የቆየውን መዝገብ ብቻ ስለ ነበረ፥ ቃላችንም ከዚያው የወጣ አልነበረም። አንዲት ባልቴት እኛ የጻፍነውን የውሳኔ ማስታወቂያ ይዘው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በመጨረሻም «ልጄ፥ ቤቴ ተፈረደልኝ ወይስ ተፈረደብኝ?» ብለው ጠየቁን። ተፈርዶላቸው ነበረ። እርሳቸው ግን ይህን ሳያውቁ ሁለት ወር ሙሉ ሲያለቅሱ ከርመዋል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በወጣትነታቸው የተማሩት በዚሁ በራጉኤል ደብር ነው። በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት በስም ዘርዝረው ካታሎግ አሳተሙ። የሰውን መጽሐፍ ሲቈጥሩ መዋል ለደራሲ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም፤ እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ብለን ነበረ። ነገር ግን የሰውን ጠባይ በምሳሌ የሚገልጸው ወዳጄ ልቤ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1915 ዓ.ም. ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዛዊውን የጆን ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ አንብበን ነበረና፥ ወዳጄ ልቤን ስናገኝ ፈለጉን ወዲያው ዐወቅነው። አማርኛው ግን የባዕድ ሽታ የለበትም፤ ከግዕዙ ትምህርት የመጣ ነውና። በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው ስለዚያች ሀገር የጻፉትም እንዲሁ፥ ሀገሪቱን ላላየ ሰው የሚገባ ነው።

ብዙ ያነበበ ሁሉ መልካም ይጽፋል አንልም። ብዙ አንብበው ያነበቡትን ቃል ብቻ የሚደረድሩ ሰዎች እናውቃለን፤ ስማቸው ይቅር። ነገር ግን አንድ ዐይነት ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ቃሉ ለሌላ ሰው እንደማይገባ በምን ያውቃል? ለኛስ ያስታወቁን ባልቴቲቱ ናቸው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወረድን። በማግሥቱ ሰኞ ሌላ ማስታወቂያ ለመጻፍ ብዕር አነሣን፤ በመጀመሪያውም መስመር ላይ «ቤቱ ለእርስዎ ተፈርዷል» ብለን ጻፍን።