«ሌላ መንገድ ሞክር»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን በወተት ማኅበራችን አባላት ፊት መናገር ሲገባኝ «ኤአዩ ተሳስቶ ነው» ብዬ አለፍኩ። ሰውም አመነኝ። እስከዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ማመናቸው ነው።

ከተማችን እንጭኒ የወተት አገር ናት። ጎህ ሲቀድ ጀሪካንና የአሉሚኒየም ጣሳ የያዘ ሰው ወደ ወተት መረከቢያው ይጎርፋል። እኔ የአንድ ትንሽ የወተት አቅራቢዎች ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። ደብተሩ ሲበዛብኝ ቴሌግራም ላይ ቦት ሠራሁና ከኋላው አንድ የቋንቋ ሞዴል አስቀመጥኩ። ሁለት መሣሪያ ሰጠሁት፤ አንደኛው ለግለሰብ የሚጽፍበት፣ ሁለተኛው በግሩፑ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት።

እንዲህ መሣሪያ የተሰጠው ሞዴል፣ ኤጀንት የሚሉት፣ ኮዱን ገልጦ አያነብም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ ከሥሩ የተጻፈውን መግለጫና ምን ምን መሞላት እንዳለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤምሲፒ የተባለው የጋራ ደንብ መሣሪያውንና ሞዴሉን ያገናኛል እንጂ መግለጫውን አይጽፍም። እሱን የሚጽፈው ሰው ነው። እኔ የጻፍኩት ይኸው፤ ለመጀመሪያው «መልእክት ይልካል»፣ ለሁለተኛው «መልእክት ያደርሳል»። መላኩ ባይሳካ ደግሞ ለኤጀንቱ የሚመለስለት ቃል «አልተላከም፤ ሌላ መንገድ ሞክር» ነበር። ሌሊት፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ የጻፍኩት ነው። የትኛው የግል፣ የትኛው የሕዝብ እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ስለነበር ለሌላውም ግልጽ መሰለኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በ55ቱ የጾም ቀናት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ላሞቹ ግን መኖ አይቀንሱም። ፉርሽካውና ፋጉሎው በዱቤ ይወሰዳል። አንዲት እናት 4,200 ብር ቀረባቸው። ባለዕዳዎቹን እንዲያስታውስ ኤጀንቱን አዘዝኩት።

ቴሌግራም ላይ ቦት ቀድሞ ያላናገረውን ሰው ማናገር አይችልም፤ ሰውየው ራሱ «ጀምር» የሚለውን መጫን አለበት። እሳቸው የሚጠቀሙት በልጃቸው ስልክ ነው። ልጁ ግሩፑን እንጂ ቦቱን ከፍቶ አያውቅም። የግል መልእክቱ ተመለሰ። ከመመለሱ ጋር ያቺ የእኔ ቃል መጣች፤ ሌላ መንገድ ሞክር። ኤጀንቱም እንደታዘዘው ሞከረ። «ያደርሳል» የተባለውን መሣሪያ አነሣና የእኚህን እናት ሙሉ ስምና ዕዳ ከመቶ ሰው በላይ ባለበት ግሩፕ ላይ ለጠፈው።

ቦት የላከውን በ48 ሰዓት ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። እኔ ያጠፋሁት በ40 ደቂቃ ነው። የእንጭኒ ሰው ግን አንብቦት ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የወተት ቅሉን በወይራ ያጥናሉ። ጭሱ በቅሉ አፍ ሲወጣ በመዳፋቸው ከድነው ይዘው፣ ቀና ብለው አዩኝ። «አዴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ማሽኑ ነው...» አልኩ። «ማሽኑ እኔን ከየት ያውቀኛል፣ ልጄ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምር ጥያቄ ነበር። መልሱን ያውቃሉ ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከግቢው ስወጣ ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ሰላም አላለኝም።

ማታ ፋይሉን ከፍቼ መግለጫዎቹን እንደገና ጻፍኩ። አሁን የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ የግል መልእክት። የዕዳ፣ የክፍያና የቤተሰብ ጉዳይ በዚህ ብቻ ይላካል። መለያ ቁጥሩ በመቀነስ ምልክት ከጀመረ ግሩፕ ነውና አትላክ። ተቀባዩ ቦቱን ካልጀመረ መልእክቱ አይደርሰውም፤ ያን ጊዜ አቁም፣ ሌላ መሣሪያ አታንሣ፣ ለሒሳብ ያዡ ንገር።» በሁለተኛው ላይ ደግሞ «ሁሉም አባል ያነበዋል፤ የማንም ስምና ብር አይጻፍበትም» አልኩበት። ጽፌ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አልወሰደብኝም። ለግማሽ ሰዓት ሥራ ብዬ የሰው ገመና ገለጥኩ።

ግን አሳሳቢው ጽሑፉ ብቻ አልነበረም። በማሽን ማሳበቡ እንዴት እንደቀለለኝ ሳስበው ያስደነግጠኛል። ማንም ማሽኑን ጠርቶ አይጠይቀውም። ስሙ የጠፋው ሰው ግን ወተቱን ይዞ ነገም እዚያው ሰልፍ ላይ ይቆማል።

በቀጣዩ ስብሰባ አሮጌዎቹን ሦስት መስመሮች በኦሮምኛ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ የጻፍኳቸው እኔ እንደሆንኩም ተናገርኩ። ጥቂት ሰው አጉረመረመ። እሳቸው አልመጡም ነበር።

ቦቱን እስካሁን አልጀመሩትም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ጠዋት ወተታቸውን ሲያስረክቡ ሒሳባቸውን በወረቀት ጽፌ፣ አጥፌ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።