የጋራ ኮምቢ

«ኮምቢ» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን አዲስ አበባ ያያችሁ ሁሉ ያችን አፍንጫ የሌላት፣ ሆደ ሰፊ፣ ሞተሯን ከጀርባዋ ያዘለች የቮልስ ዋገን መኪና እንደማትረሷት አልጠራጠርም። ታላቅ እህቷ ቮልስማ በታሪካችን ውስጥ ሳይቀር ስሟ ሰፍሯል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት በእርሷ ነበርና። ኮምቢ ግን የታሪክ ሳይሆን የእንጀራ መኪና ነች። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ መኪና አስመጪ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሣጥን የመሰለ ነገር ጫር ጫር አደረገ፤ ፋብሪካው በ1950 ማምረት ጀመረ። በብራዚል እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ስትሠራ ቆይታ፣ ኤር ባግና ኤቢኤስ ፍሬን በሕግ ግዴታ ሊሆኑ ሲሉ ምርቷ ቆመ።

ዛሬ ስለዚህች መኪና የማወጋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ትቶልን ካለፈው ንብረት ውስጥ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ኮምቢ ነበረች። ከመርካቶ ዕቃ እየጫነ ለኮልፌ፣ ለአየር ጤናና ለቀራንዮ ባለ ሱቆች ሲያደርስባት ኖሯል። ወራሾቹ እናታችን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ነን። ድርሻው የታወቀ ነው፤ ለእናታችን አንድ ስምንተኛ፣ የቀረው ለእኛ፣ ለወንዱ የሴቷ እጥፍ። ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቤትም ይገመታል። ለመሆኑ ኮምቢ እንዴት ይከፈላል? በሩን ለአንዱ፣ ጎማውን ለሌላው?

ሞተሯ ደክሞ ነበር። ዳገት ላይ ትቆማለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ በየሳምንቱ ዘይት ትጠይቃለች። አንድ ቁራሌው ግቢያችን ድረስ መጥቶ በኪሎ ዋጋ ሰጠን። ወንድሜ ይሸጥ አለ። ኮምቦልቻ የምትኖረው ታላቅ እህታችን ደግሞ በስልክ፣ «የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፤ ድርሻዬን ካገኘሁ ቢሸጥም ባይሸጥም ግድ የለኝም» አለች። እውነቷን ነው። እኔ በበኩሌ ሌላ ሂሳብ ነበረኝ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የተጣለውን ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያም የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስቡት። ይህችን የሸጠ ሰው በገንዘቡ ሌላ የጭነት መኪና ሊገዛ ቀርቶ ጎማዋንም አይገዛ። ስለዚህ ሦስት ወር ስጡኝ፣ እያንዳንዱ ሳንቲም በደብተር ይመዘገባል፣ አልሠራ ካለች ቁራሌው የትም አይሄድም አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ተስማሙ።

መቼም የተሰበረ ሞተርና ያረጀ ሞተር አንድ አይደሉም። የተሰበረው ችግሩን ጮኾ ይናገራል። ያረጀው ግን ባለቤቱን ያባብላል፤ ትናንት ወጥታው የነበረችውን ዳገት ዛሬ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ያስወጣዋል፣ ነገ ደግሞ በአንደኛ፤ ባለቤቱም አብሮ ይለምደዋል። ስለዚህ በዓይንና በጆሮ ብቻ የሚፈረድበት አይደለም፣ መለካት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለሲሊንደር ግፊት የሚያስቀምጠው ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ሲለካ ከመጽሐፉ በታች ይሆናል። መጽሐፉን ገልጦ «ይህ ሞተር ሞቷል» የሚል መካኒክ ስንቱን ጤነኛ ገድሎት ይሆን? በእኛ ከፍታ ቁም ነገሩ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው። የእኛዋን ብንለካ ሦስቱ ተቀራራቢ ሆኑ፤ 3ኛው ሲሊንደር ግን ከሁሉም እጅግ ወረደ። ጎረቤታችን ካለው ጎሚስታ ቤት የአየር መንፊያውን ቱቦ ስበን በካንዴላው ቀዳዳ አየር ብንሰድበት፣ በማርሚታው በኩል «እስስስ» እያለ ወጣ። በዘይት መሙያው በኩል ቢወጣ ኖሮ ጥፋቱ የፒስተን ፋሻዎቹ ነበር። በማርሚታው ከወጣ ግን የጭስ ማውጫው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው።

ለምን 3ኛው? ይህ ሞተር ውኃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሥሪት የዘይቱ ማቀዝቀዣ የቆመው ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ በመሆኑ፣ ምስኪኑ 3ኛ ሲሊንደር የሚደርሰው በሌላው የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሥሪት ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አንስቶታል። በዚያ ላይ አየራችን ስስ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ይህም ሳያንስ፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ሞተሩን ሲያወርድ ከሥር ያሉትን የቆርቆሮ መሸፈኛዎችና ዙሪያውን የሚዘጋውን ጎማ «ትርፍ ነው» ብሎ ሳይመልሳቸው ቀርቷል። ያ ትርፍ የተባለ ቆርቆሮ ነው እንግዲህ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከለክለው። ኮምቢ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ከኋላ ደግሞ የሚሸከመው ብረት አለ። ከ100 ኪሎ የሚበልጠውን ክብደት በክሪክና በአሮጌ ጎማ ላይ አሳርፈን አወረድነው። «አወረድነው» የምለው እኔና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ቮልስ ሲፈቱ ያደጉ ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። እኔ ቁጥሩን ከመጽሐፉ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይዳስሳሉ። ቃላቱማ የጣሊያን ናቸው፤ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ብሮንዚና፣ ቮላኖ። ጀርመን የሠራችውን ሞተር ቀራንዮ ላይ በጣሊያን ቃል እየጠሩ በአማርኛ መፍታት የኛ አገር መካኒክ ጥበብ ነው።

ሐጂ ገና ቴስታታው ሳይወርድ የፊቱን ፑሌጃ ጨብጠው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ሳብ አደረጉት፤ «ቋ፣ ቋ» አለ። «ልጄ፣ ይኸን ሰማህ? ሥራው ከቫልቭ አልፏል» አሉኝ። መጽሐፉ የሚፈቅደው ወለም ዘለምታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 የመጨረሻው ወሰን ነው። በመለኪያ ስናየው የእኛው 0.30 ሆኖ ተገኘ። በዓይን ብታዩት ምንም ነው፤ የሦስት ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው።

ሲፈታ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የ3ኛው ቫልቭ ጫፉ ተቃጥሏል። ሲሊንደሮቹ አልቀዋል፤ ይህ ግን አላስደነገጠንም፤ የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች አራቱም ለየብቻ የቆሙ በመሆናቸው ከነፒስተናቸው ይለወጣሉ እንጂ ብሎክ መቦረሽ የለም። 85.5 ሚሊ ሜትሩን፣ የብራዚል ሥሪት፣ ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ክራንክሻፍቱ ሪቲፊካ ቤት ገብቶ 0.25 ተላጠ። የከበደው ግን የሞተሩ ቤት ነው። የሚሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ቀላል ቢሆንም ሙቀትና ምት ሲበዛበት ብሮንዚናዎቹ የሚቀመጡበት ጎድጓዳ እየተቀጠቀጠ ይሰፋል። የእኛው መካከለኛው ላይ ሰፍቶ ነበር።

የሪቲፊካው ባለሙያ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረኝ። አንደኛው በልኩ የሆነውን ብሮንዚና እንደ ነገሩ አስገብቶ መዝጋት ነው፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ምናልባትም አንድ ዓመት ይሄዳል። ሁለተኛው ቤቱን በመስመር አስቦርሾ በውጭ በኩል ወፍራም የሆነ ብሮንዚና ማስገባት ነው፤ ይህ ግን ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል፣ ብሮንዚናውም ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ማታ ሳሎን ተሰብስበን ተወያየን። ወንድሜ፣ «የመጀመሪያውን አድርጉና ድምፅዋ ሳይመለስ እንሽጣት። የገዛው ሰው ራሱ ያውቃል» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ኪራይ አለበት፣ የሦስት ወሩ ቀጠሮም ግማሹ አልቋል። እናታችን ግን፣ «በአባታችሁ መኪና ሰው ሊታለል?» ብላ ዝም አለች። እትዬን ደወልንላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «ቀጥ ያለውን ሥሩ፤ እኔ ግን መስከረም አይጠብቀኝም» አለች። ያኔ እናታችን፣ «የእኔ ስምንተኛ መኪናዋ መሥራት እስክትጀምር ለእርሷ ይሁን፤ ለልጁ ምዝገባም ያለኝን እልክላታለሁ» ስትል ወንድሜ አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ ብሮንዚናውን ፍለጋ መርካቶን ከእኔ ጋር የዞረው እርሱ ነው።

መግጠሙ የክረምት ሥራ ሆነ። ዝናቡ ግቢውን ጭቃ ሲያደርገው እናታችን ምንጣፉን አንስታ ሳሎኑን ለቀቀችልን። ክራንክሻፍቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ እንደ አራስ ተኛ። ከአራቱ ዋና ብሮንዚናዎች ሦስቱ ሙሉ ቀለበት ናቸው፣ 2ኛው ብቻ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ትንሽዬ ካስማቸው ላይ በትክክል ካልተቀመጡ የቤቱ ሁለት ግማሾች ሲጠበቡ ብሮንዚናው ይጨፈለቃል። በግማሾቹ መካከል ጋርኒሲዮን የለም፣ ስስ ማጣበቂያ ብቻ። በካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ በክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል መግባት አለባት። ሐጂ ይህችን በዓይናቸው ስላላዩዋት የእህቴን ልጅ ጠርተው፣ «ሁለቱ መሐል ናት? ወላሂ በል!» አስባሉት። ከቮላኖው በስተጀርባ የሚገቡትን ሦስት ስስ ቀለበቶች እየቀያየርን ያን ወለም ዘለምታ 0.10 ላይ አቆምነው። የጠፉትን ቆርቆሮዎች ደግሞ ወንድሜ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ከሌላ ኮምቢ ልክ አስወስዶ አሠራቸው።

ካንዴላዎቹን ሳንገጥም፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አሽከረከርነው። ከዚያም ካንዴላዎቹን አስገብተን፣ ገመዶቹን በተራቸው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ብለን ሰክተን አስነሳናት። በሁለተኛው ሙከራ ያዘች። ሐጂ እጃቸውን አንስተው «እንዳታጠፋት፣ 20 ደቂቃ ፈጠን አድርገህ ያዛት!» ብለው ጮኹ። አዲስ ካምሻፍት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝግ ብሎ ከሠራ ፊቱ ይላጣልና። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ወንድሜ እጁን ከማራገቢያው በላይ ዘርግቶ ነፋሱን ያዳምጥ ነበር።

አሁን ታዲያ ተአምር እንዳይመስላችሁ። በባሕር ጠለል 47 ፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ ከፍታ ላይ ሩቡን ታጣለች፤ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉባት ያልፋሉ። ግን ትሠራለች። ከመርካቶ ዕቃ ትጭናለች፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ቀዝቅዞ ሳለ ቫልቮቹን 0.15 ላይ አስተካክላለሁ፤ 3ኛውን ከሌሎቹ አስቀድሜ አያለሁ። የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ስንለውጥ ወንፊቱ ውስጥ የማጣበቂያ ፍርፋሪ እንጂ የብረት ስባሪ አልነበረም።

ደብተሩም አልተዘጋም። ከየወሩ ገቢ የነዳጅና የጥገናው ወጪ ተቀንሶ የቀረው በድርሻው ይከፈላል፤ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ኮምቦልቻ እልካለሁ። የእናታችን ስምንተኛ እስካሁን ለእትዬ ነው የሚሄደው፤ መኪናዋ ከሠራች ወዲያ ይመለስ ብላ እትዬ ብትለምናትም እናታችን እሺ አላለችም። ባለፈው ወር ገጹ እንደ ደረሳት እትዬ ደወለች።

«ዘይት ለምን በዛ? አባባ እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይለውጥም ነበር» አለችኝ።

ይህ ሞተር እንደ ዘመኑ መኪና የዘይት ፊልትሮ እንደሌለው፣ ያለው ወንፊት ብቻ መሆኑን፣ 2 ሊትር ተኩል ዘይት የቀራንዮን አቧራ ይዞ ብዙ እንደማይሄድ፣ ሐጂ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ለውጥ እንዳሉኝ አስረዳኋት።

«እሺ» አለች። «የሚቀጥለውን ገጽ ስትልክ ኪሎ ሜትሩንም ጻፍበት።»